በአንድ ወደብ ሁለት ቀረጥ፦ የብሪታንያ ኢምፓየር የቀረጥ ቅድሚያ ታሪክ

በ1933 ሁለት መርከቦች ስንዴ ጭነው ሊቨርፑል ወደብ ደረሱ እንበል። አንደኛው ከካናዳ፣ ሁለተኛው ከአርጀንቲና የተነሣ ነው። የሁለቱም ስንዴ ከአንድ ወፍጮ ይገባል፣ ዳቦውንም የሚበላው ያው የከተማው ሠራተኛ ነው። የጉምሩኩ ሹም ግን የሚመረምረው ስንዴውን ሳይሆን የበቀለበትን አገር የሚያረጋግጠውን ወረቀት ነው። የካናዳው ያለ ቀረጥ ያልፋል። የአርጀንቲናው በእያንዳንዱ ኳርተር፣ ማለትም በ218 ኪሎ ገደማ፣ 2 ሺሊንግ ከፍሎ ነው የሚራገፈው።

ይህ ልዩነት የኢምፓየር ቅድሚያ ይባል ነበር። ገዢዋ አገር ከግዛቶቿ በሚመጣ ዕቃ ላይ ከባዕድ አገር ዕቃ ያነሰ ቀረጥ ትጥላለች፤ ግዛቶቹም በፈንታቸው ለእሷ ዕቃ እንዲሁ ያደርጋሉ። ሲነገር የቤተሰብ መረዳዳት ይመስላል። ብዙ ፖለቲከኞችም በዚሁ ቋንቋ ሲሰብኩት ኖረዋል። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የዘለቀውን ታሪኩን ለሚከታተል ሰው ግን ቀረጡ ስንት ነው ከሚለው ይልቅ አንድ ሌላ ጥያቄ ጎልቶ ይወጣል፤ ቀረጡን የሚወስነው ማን ነው? የቀረጥ ዝርዝሩን የመጻፍ ሥልጣን የነበራቸው አገሮች በቅድሚያው ተደራድረውበታል፣ ተጠቅመውበታልም። ሥልጣኑ ያልነበራቸው ግን ሂሳቡን ከፍለዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትምባሆና ሞላሰስ

በመጀመሪያው ዘመን ዋናው መሣሪያ ቀረጥ ሳይሆን ክልከላ ነበር። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1651 ያወጣው የመርከብ ሕግ የአሜሪካ፣ የእስያና የአፍሪካ ምርት ወደ እንግሊዝ የሚገባው በእንግሊዝና በግዛቶቿ መርከቦች ብቻ እንዲሆን አዘዘ። ሕጉ ያነጣጠረው በዘመኑ የባሕሩን ንግድ በያዙት በሆላንዶች ላይ ነው። በ1660 ሲታደስ ደግሞ በስም የተዘረዘሩ ምርቶች፣ ስኳር፣ ትምባሆ፣ ጥጥና የማቅለሚያው ኢንዲጎ ጭምር፣ ከእንግሊዝና ከግዛቶቿ ውጭ ለማንም እንዳይሸጡ ተደረገ። በ1663 የወጣው ሕግ ደግሞ ከአውሮፓ ወደ ቅኝ ግዛቶቹ የሚላከው ዕቃ አብዛኛው በእንግሊዝ ወደብ በኩል እንዲያልፍ አስገደደ።

ለዚህ ሁሉ ክልከላ ቅኝ ግዛቶቹ ያገኙት ካሣ የእንግሊዝ ገበያ ነበር። የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ትምባሆ ከስፔን ግዛቶች ትምባሆ ያነሰ ቀረጥ ይከፍል ነበር። ከዚያም አልፎ በእንግሊዝ ምድር ትምባሆ መዝራት ጨርሶ ተከለከለ። በግሎስተርሺር አውራጃ ገበሬዎች ሕጉን ጥሰው ሲዘሩ ወታደር እየተላከ ማሳቸው ወድሟል። ለቅኝ ግዛቱ የተሰጠ ቅድሚያ የአገር ቤቱን ገበሬ ጭምር መጉዳት እንደሚችል ገና በዚያን ጊዜ ታይቷል።

ሥርዓቱን ክፉኛ ያናጋው ግን ሞላሰስ ነው። የኒው ኢንግላንድ ነጋዴዎች ከፈረንሳይ የካሪቢያን ደሴቶች በርካሽ በሚገዙት ሞላሰስ ሮም የተባለውን አልኮል ያወጡ ነበር። በፓርላማ ተሰሚነት የነበራቸው የእንግሊዝ ደሴቶች የስኳር ባላባቶች ይህን አልወደዱትም። ስለዚህ በ1733 በባዕድ ሞላሰስ ላይ በጋሎን 6 ፔንስ ቀረጥ ተጣለ። ቀረጡ ንግዱን የሚገድል ስለነበር ነጋዴው ወደ ኮንትሮባንድ ዞረ፣ የጉምሩክ ሹሞችም አይተው እንዳላዩ አለፉ። በ1764 መንግሥት ቀረጡን ወደ 3 ፔንስ ዝቅ አድርጎ በዚህኛው ግን በጥብቅ ለመሰብሰብ ቆርጦ ተነሣ። የአሜሪካ ሰፋሪዎች ቁጣ የገነፈለው ቀረጡ በግማሽ ከቀነሰ በኋላ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ጥያቄያቸው የገንዘቡ መጠን ሳይሆን ወኪል በሌላቸው ፓርላማ ግብር ሊጣልባቸው አይገባም የሚል ነበር። ከ11 ዓመት በኋላ ጦርነቱ ጀመረ።

ኬፕን ዞሮ የሚመጣ ቡና

አሜሪካ ከተነጠለች በኋላም ቅድሚያው አልቀረም፤ እንዲያውም በናፖሊዮን ጦርነት ጊዜ አዲስ ጉልበት አገኘ። ናፖሊዮን የባልቲክ ባሕርን ንግድ ሲዘጋባት ብሪታንያ ለመርከቦቿ የሚሆን ጣውላ ከካናዳ ማምጣት ጀመረች፤ የካናዳው ንግድ እንዲቋቋምም በባዕድ ጣውላ ላይ ከባድ ቀረጥ ጫነች። ሰላም ከወረደ በኋላም ልዩነቱ ቀጠለ። ከ1821 ጀምሮ የባልቲክ ጣውላ በአንድ ጭነት 55 ሺሊንግ ሲከፍል የካናዳው 10 ሺሊንግ ብቻ ይከፍል ነበር። የኦታዋ ሸለቆና የኒው ብረንስዊክ ደኖች የተመነጠሩት በዚህ የ45 ሺሊንግ ልዩነት ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል የተጣመመ ሥራ እንደሚያሠራ በቡና ላይ ይበልጥ ይታያል። በ1830ዎቹ ለንደን ውስጥ ቡና ሦስት ዓይነት ቀረጥ ነበረው። ከብሪታንያ ግዛት የመጣው በአንድ ፓውንድ ክብደት 6 ፔንስ፣ ከባዕድ አገር በቀጥታ የገባው 1 ሺሊንግ ከ3 ፔንስ ይከፍላል። ባዕድ ቡና ሆኖ በደቡብ አፍሪካው የኬፕ ግዛት በኩል ከመጣ ግን 9 ፔንስ ይበቃዋል። ነጋዴው ሂሳቡን ሠራ። ቡናው ለንደን አፍንጫ ሥር እያለ በመርከብ ተጭኖ እስከ አፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ይወሰዳል፤ ከዚያ ወረቀቱ ተስተካክሎ ያው ቡና ወደ ለንደን ይመለሳል። በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ምልልስ የሚጠይቀው ኪራይ ከቀረጡ ልዩነት ያነሰ ነበርና ያዋጣ ነበር። የዚህን ሁሉ ጉዞ ወጪ የሚሸፍነው ቡናውን የሚጠጣው ሰው ነው። በ1840 የፓርላማ ኮሚቴ የቀረጥ ሥርዓቱን ሲመረምር ይህ ጉድ አደባባይ ወጣ፤ ለነፃ ንግድ ተሟጋቾችም ትልቅ ማስረጃ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የማፍረስ ዓመታት ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፒል በ1846 የእህል ቀረጡን ሕግ አሻረ። በዚያው ዓመት የስኳር ቀረጥ ደረጃ በደረጃ እኩል እንዲሆን ተወሰነ። የመርከብ ሕጎቹ በ1849 ተሻሩ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ግላድስተን በ1860 ባቀረበው በጀት የቀሩት የቅድሚያ ቀረጦች ተጠርገው ወጡ።

ለእንግሊዝ ሸማች ይህ እፎይታ ነበር። በቅድሚያው ላይ ኑሯቸውን ለመሠረቱት ግን ድንገተኛ ውድቀት ሆነ። ለካናዳ ስንዴና ዱቄት በ1843 ልዩ የቀረጥ ቅናሽ ስለተሰጠ ነጋዴዎች በሴንት ሎውረንስ ወንዝ ዳር ገንዘባቸውን በወፍጮ ላይ አፍስሰው ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ቅናሹ ትርጉም አጣ። በ1849 የሞንትሪያል ታላላቅ ነጋዴዎች ካናዳ ከአሜሪካ ጋር ትቀላቀል የሚል መግለጫ ፈርመው አወጡ። ከፈራሚዎቹ አንዱ በኋላ የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ጆን አቦት ነው። ለንግሥቲቱ ታማኝ የነበረውን ነጋዴ ባንዲራ እስከ መቀየር ያደረሰው የአንድ ቀረጥ መነሣት ነው።

በካሪቢያን የደረሰው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነበር። የጃማይካና የባርቤዶስ ሠራተኞች ከባርነት ሙሉ በሙሉ የወጡት በ1838 ነው። ስምንት ዓመት ቆይቶ ለንደን በባሪያ ጉልበት የሚመረተውን የኩባና የብራዚል ስኳር ነፃ ሰዎች ከሚያመርቱት ጋር በአንድ ቀረጥ እንዲገባ ፈቀደች። ጃማይካ ውስጥ ብዙ እርሻዎች ተዘጉ፣ ነፃ የወጣውም ሠራተኛ ደመወዙ ወረደ። በውሳኔው ላይ ሐሳቡን የጠየቀው ማንም አልነበረም።

ካናዳ ዝርዝሩን በራሷ እጅ ስትጽፍ

ካናዳ በ1840ዎቹ ከደረሰባት ውድቀት የተማረችው ትምህርት የታሪኩን አቅጣጫ ቀየረ። በ1859 የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ጋልት፣ እሱም ከ1849ኙ ፈራሚዎች አንዱ ነበር፣ በብሪታንያ ሸቀጦች ላይ ጭምር ቀረጥ ከፍ አደረገ። የሼፊልድ የብረታ ብረት ባለፋብሪካዎች ለለንደን አቤት አሉ። ጋልት የመለሰው መልስ የማያሻማ ነው፤ የካናዳ ሕዝብ ግብሩን በምን መልክ እንደሚከፍል የመወሰን መብት የራሱ ነው፣ ለንደን ካልተስማማች ካናዳን ራሷ መጥታ ታስተዳድር። ለንደን ዝም አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩት ግዛቶች የቀረጥ ሥልጣን የራሳቸው ሆነ።

በ1897 በዊልፍሪድ ሎሪዬ የሚመራው የካናዳ መንግሥት ማንም ሳያስገድደው ለብሪታንያ ዕቃ የቀረጥ ቅናሽ ሰጠ። ቅናሹ በመጀመሪያ ከቀረጡ አንድ ስምንተኛ ነበር፣ በ1898 ወደ ሩብ፣ በ1900 ወደ ሲሶ አደገ። እንቅፋትም አላጣውም። ብሪታንያ ቀደም ብላ ከቤልጅግና ከጀርመን ጋር የገባቻቸው ውሎች ግዛቶቿ ለእሷ ብቻ የተለየ ቅናሽ እንዳይሰጡ ያግዱ ነበር። ለንደን ሁለቱንም ውሎች አፈረሰች። ጀርመን በብስጭት የካናዳን ዕቃ ከፍ ወዳለው ቀረጥ አዛወረች፤ ካናዳም በ1903 በጀርመን ዕቃ ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለች። የንግድ ጠቡ እስከ 1910 ዘለቀ።

ቅድሚያው ከሩቅ ግዛት ተነሥቶ የብሪታንያ ፖለቲካ ማዕከል የሆነው በጆሴፍ ቼምበርሌይን ነው። የብሎን ፋብሪካ ባለቤት፣ የበርሚንግሃም ከንቲባ፣ ኋላም የቅኝ ግዛት ሚኒስትር የነበረው ይህ ሰው በግንቦት 1903 በርሚንግሃም ላይ ባደረገው ንግግር ኢምፓየሩ በቀረጥ ካልተሳሰረ ይበታተናል ሲል አወጀ። በመስከረም ሥልጣኑን ለቅቆ ወደ ሕዝቡ ወጣ። በጥቅምት ግላስጎ ላይ ዝርዝሩን አቀረበ፤ በባዕድ እህል ላይ በኳርተር 2 ሺሊንግ፣ በባዕድ ሥጋና በወተት ተዋጽኦ ላይ 5 በመቶ ገደማ፣ በተሠሩ ዕቃዎች ላይ 10 በመቶ ገደማ። በለውጡ የሻይና የስኳር ቀረጥ እንዲቀንስ ሐሳብ አቀረበ።

ችግሩ ዳቦ ነበር። የቅኝ ግዛቱን ስንዴ ለማስቀደም በባዕዱ ስንዴ ላይ ቀረጥ መጣል ግድ ነው፤ ብሪታንያ ደግሞ አብዛኛውን ስንዴዋን የምታስገባው ከውጭ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ሊበራሎች ትልቅ ዳቦና ትንሽ ዳቦ ጎን ለጎን እያሳዩ ቀረጥ ከመጣ የምትበሉት ትንሹን ነው አሉ። ቼምበርሌይን በኅዳር ወር በርሚንግሃም አዳራሽ ውስጥ ሁለት ዳቦ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ አንደኛው የቀረጡ መጠን ተቀንሶለት የተጋገረ ነው፣ ልዩነቱን ማን ሊለይ ይችላል ብሎ ተከራከረ። አልሆነለትም። በ1906 ምርጫ ሊበራሎች 400 ያህል መቀመጫ ጠርገው ወሰዱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ቼምበርሌይን በደም ሥር መታወክ ወድቆ ዳግመኛ ለአደባባይ ሳይበቃ በ1914 ሞተ።

ያልተጠየቁት

ካናዳና አውስትራሊያ ሲደራደሩ በዚያው ኢምፓየር ውስጥ ሌላ ዓይነት ቅድሚያ ይሠራ ነበር። የዚህኛው ዓይነት ታሪክ በብዙ መጻሕፍት በጥቂት መስመር ይታለፋል፤ ቆም ተብሎ መታየት ያለበት ግን እሱ ነው።

ሕንድን እንውሰድ። የላንካሻየር የጨርቅ ባለፋብሪካዎች በፓርላማ ባሳደሩት ግፊት በ1882 የሕንድ የገቢ ቀረጥ ከጥቂት ዕቃዎች በቀር ተነሣ። በ1890ዎቹ የሕንድ መንግሥት ካዝና ሲራቆት ቀረጡ መመለስ ነበረበት። ላንካሻየር ግን የቦምቤይ ፋብሪካዎች በዚህ ከለላ እንዳያድጉ ሠጋች። መፍትሔው በ1896 ተገኘ። በውጭ ጨርቅ ላይ 3.5 በመቶ ቀረጥ ሲጣል፣ በሕንድ ፋብሪካ በሚሠራው ጨርቅም ላይ ያው 3.5 በመቶ ኤክሳይዝ ተጣለ። ሕንዳዊው ባለፋብሪካ በገዛ አገሩ ገበያ ከማንቸስተር ጋር እንዲስተካከል ሆን ተብሎ ግብር ተጫነበት። ይህ ኤክሳይዝ የተነሣው ከሠላሳ ዓመት የአቤቱታ ትግል በኋላ በ1926 ነው።

ምዕራብ አፍሪካም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሷታል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የናይጄሪያና የሴራሊዮን የዘንባባ ፍሬ አስኳል አብዛኛው የሚጨመቀው ጀርመን ውስጥ ነበር። ጦርነቱ ይህን ሲያቋርጥ የብሪታንያ ዘይት ጨማቂዎች ንግዱን ያዙ፣ ከእጃቸው እንዳይወጣም ፈለጉ። በ1919 ከብሪታንያ ምዕራብ አፍሪካ ወጥቶ ከኢምፓየሩ ውጭ በሚሸጥ አስኳል ላይ በቶን 2 ፓውንድ የወጪ ቀረጥ ተጣለ። በዚህ ቀረጥ ለገበሬው የቀረበለት ገዢ ቁጥሩ ቀነሰ፣ ገዢ ሲቀንስ ደግሞ ዋጋ እንደሚወርድ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ቀረጡ ተቃውሞ ስለበዛበት በ1922 ተሻረ።

ከገና ጣፋጭ እስከ ኦታዋ

ከጦርነቱ በኋላ ቅድሚያው በብሪታንያ ጥቂት በጥቂት ተመለሰ። በ1919 የጆሴፍ ልጅ ኦስተን ቼምበርሌይን በገንዘብ ሚኒስትርነቱ ለኢምፓየሩ ምርቶች ቅናሽ ሰጠ፤ ለሻይ ከቀረጡ አንድ ስድስተኛ፣ እንደ መኪናና ሰዓት ላሉ ዕቃዎች ሲሶ። ምግብ ላይ ቀረጥ መጣል ግን አሁንም የሚነካ ጉዳይ አልነበረም፤ በ1923 ጠቅላይ ሚኒስትር ስታንሊ ባልድዊን የቀረጥ ጥያቄ ይዞ ምርጫ ወጥቶ አብላጫውን አጣ።

ስለዚህ መንግሥት ቅድሚያውን በቀረጥ ፈንታ በማስታወቂያ ለመስጠት ሞከረ። በ1926 የኢምፓየር ገበያ ቦርድ ተቋቋመ። ሥራው ፖስተር መለጠፍ፣ ፊልም መሥራት፣ የግብርና ምርምር መደገፍና የቤት እመቤቷን የኢምፓየሩን ምርት ግዢ ብሎ ማግባባት ነበር። ከሥራዎቹ ሁሉ የሚታወሰው በንጉሡ ወጥ ቤት ኃላፊ የተዘጋጀው የገና ፑዲንግ አሠራር ነው። የበሬው ሞራ ከኒው ዚላንድ፣ ዘቢቡ ከአውስትራሊያና ከደቡብ አፍሪካ፣ ፖሙ ከካናዳ፣ እንቁላሉ ከአየርላንድ፣ ቀረፋው ከሲሎን፣ ቅርንፉዱ ከዛንዚባር፣ ገውዙ ከማላያ ወደቦች፣ ሮሙ ከጃማይካ፣ ብራንዲው ከቆጵሮስ። ዱቄቱና ቢራው የአገር ቤት ነው። አሠራሩ እጅግ ተወዳጅ ሆነ። ቅርንፉዱን ለለቀመው የዛንዚባር ሰው ግን ዋጋው ስንት እንደሆነ ዝርዝሩ አልጻፈም።

ማስታወቂያውን ወደ ሕግ የለወጠው ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ነው። አሜሪካ በ1930 ቀረጧን አናረች፤ ብሪታንያ በመስከረም 1931 ፓውንድን ከወርቅ አላቀቀች። በየካቲት 1932 ሌላው የጆሴፍ ልጅ፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ኔቪል ቼምበርሌይን፣ 10 በመቶ አጠቃላይ ቀረጥ የሚጥለውን ሕግ ለፓርላማ አቀረበ። የአባቱን ስም ጠርቶ ንግግሩን ሲጨርስ ወንድሙ ኦስተን ከመቀመጫው ወርዶ እጁን ጨበጠው። አንባቢዎቻችን ኔቪልን ይበልጥ የሚያውቁት ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን በ1938 ዕውቅና በሰጠው መንግሥት መሪነቱ ነው።

በዚያው በ1932 ከሐምሌ 21 እስከ ነሐሴ 20 የኢምፓየሩ መንግሥታት በካናዳ ዋና ከተማ በኦታዋ ተሰበሰቡ። ጉባኤው እንደ ገበያ ክርክር የጦፈ ነበር። አስተናጋጁ የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤኔት እስከ መጨረሻው ሰዓት አልበገርም አለ። ብሪታንያ ከካናዳ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከኒው ዚላንድ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከኒውፋውንድላንድ፣ ከሕንድና ከደቡብ ሮዴሺያ ጋር ተፈራረመች። በዚህም የባዕድ ስንዴ ላይ 2 ሺሊንግ ተጣለ፣ የአርጀንቲና ሥጋ በኮታ ተገደበ። በምላሹ ብሪታንያ ያገኘችው የጠበቀችውን አልነበረም። ግዛቶቹ ለብሪታንያ ዕቃ ቀረጥ ከመቀነስ ይልቅ በባዕዱ ላይ ጨምረው ልዩነቱን አሰፉላት።

ውጤቱ ግን ታየ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ብሪታንያ ከምታስገባው ዕቃ ከኢምፓየሩ የሚመጣው ድርሻ 40 በመቶ ገደማ ደረሰ። አርጀንቲና ገበያዋን ላለማጣት በ1933 ለለንደን እጅግ የሚያደላ ውል ለመፈረም ተገደደች። የካናዳ ስንዴ አምራች ግን የገመተውን ያህል አልተጠቀመም፤ ካናዳ የምትሸጠው ስንዴ ብሪታንያ ከምትፈልገው ይበልጥ ስለነበር ዋጋውን የሚወስነው የዓለም ገበያ ነው። የስንዴው ቀረጥም በ1938 ለአሜሪካ ሲባል ተነሣ።

በኦታዋ ማን እንዳልነበረ ማስተዋል ይገባል። ናይጄሪያ፣ ጃማይካ፣ ሲሎን፣ ማላያ አንዳቸውም ወንበር አልነበራቸውም፤ በስማቸው የተናገረው የለንደኑ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ነው። ሕንድ ልዑካን ብትልክም ልዑካኑን የመረጠው የእንግሊዙ አስተዳደር ነበር። የሕንድ የሕግ ምክር ቤት በ1936 ስምምነቱ እንዲቋረጥ ድምፅ ሰጠ።

የሲሎን ካናቴራና የእኛ አቡጀዲድ

የጃፓን ርካሽ ጨርቅ በ1930ዎቹ የእስያንና የአፍሪካን ድሃ ማልበስ ጀመረ። ላንካሻየር አቤት አለች። በ1934 ለንደን በቅኝ ግዛቶቿ በሚገባው የጃፓን ጨርቅ ላይ ኮታ እንዲጣል አዘዘች። የሲሎን ምክር ቤት ከሦስት ዓመት በፊት ሴት ወንድ ሳይል በሁሉም አዋቂ ድምፅ የተመረጠ፣ በእስያ የመጀመሪያው ዓይነት ምክር ቤት ነበር። ኮታውን አልቀበልም አለ። ለንደን በንጉሣዊ ትእዛዝ ከላይ ጫነችበት። በሻይ እርሻ ላይ የሚውለው ሠራተኛ ለካናቴራው የበለጠ እንዲከፍል የተፈረደበት ማንቸስተር ውስጥ ያለ ፋብሪካ እንዳይዘጋ ነው።

ኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንጋኒካ ከዚህ የተረፉት ለእነሱ ታስቦ አይደለም። ኃያላኑ በ1885 በርሊን ላይ፣ በ1919ም ሴንት ዠርማን ላይ የተፈራረሙት ውል በኮንጎ ተፋሰስና በምሥራቅ አፍሪካ የቀረጥ አድልዎን ይከለክል ስለነበር ነው። ኃያላን እርስ በርስ ሲጠባበቁ የተገኘ ዕድል መሆኑ ነው።

ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ ቅኝ ግዛት አልነበረችም። በኅዳር 1930 ከጃፓን ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ፈርማለች፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በተከታዩ ዓመት ጃፓንን ጎብኝተዋል። በገበያችንም የጃፓን አቡጀዲድ ተስፋፍቶ ነበር። ሆኖም ነፃ አገር ብትሆንም የቀረጥ ዝርዝሯን እንደልቧ አትጽፍም ነበር። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመውና በፈረንሳዩ ልዑክ በክሎቡኮቭስኪ ስም የሚታወቀው ውል፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከዋጋው 10 በመቶ እንዳያልፍ ገድቦ ነበር፤ ሌሎቹም መንግሥታት የዚሁ መብት ተካፋይ ሆኑ። ባንዲራ ይዞ የቀረጥ ሥልጣን ማጣት እንደሚቻል ከራሳችን ታሪክ እንረዳለን።

መፍረሱ

ሥርዓቱን ለማፍረስ ከማንም በላይ የሠራችው አሜሪካ ናት። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮርዴል ኸል የኦታዋን ስምምነት እንደ ጠላት ያየው ነበር። በጦርነቱ ጊዜ አሜሪካ ለብሪታንያ የሰጠችው የጦር ዕቃ ርዳታም ሆነ ከጦርነቱ በኋላ የሰጠችው 3.75 ቢሊዮን ዶላር ብድር የንግድ አድልዎን የማስቀረት ውይይት ተያይዞባቸው ነበር። በ1947 ጄኔቫ ላይ 23 አገሮች የፈረሙት የቀረጥና የንግድ ስምምነት የነበሩት ቅድሚያዎች እንዲቆዩ፣ ነገር ግን እንዳይሰፉ ወሰነ። የቀረውን የዋጋ ንረት ሠራው። በሺሊንግ ተቆርጦ የተወሰነ ቀረጥ የዕቃው ዋጋ በተወደደ ቁጥር ክብደቱ እየቀለለ ሄደ።

ብሪታንያ ጥር 1 ቀን 1973 የአውሮፓን የጋራ ገበያ ስትቀላቀል የቅድሚያው ዘመን አበቃ። በ1930ዎቹ ከውጭ ሽያጯ ከ80 በመቶ በላይ ለብሪታንያ ትሸጥ የነበረችው ኒው ዚላንድ ለቅቤዋ የመሸጋገሪያ ጊዜ ተደራድራ አገኘች። ለቀድሞዎቹ ቅኝ ግዛቶች ደግሞ በየካቲት 1975 የሎሜ ስምምነት መጣ፤ ከ46ቱ ፈራሚ የአፍሪካ፣ የካሪቢያንና የፓሲፊክ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ከስምምነቱ ጋር በተያያዘው ፕሮቶኮል አውሮፓ በዓመት 1.3 ሚሊዮን ቶን ገደማ ስኳር ከዓለም ገበያ ብዙ ጊዜ በሚበልጥ ዋጋ ለመግዛት ቃል ገባች። ቃሉ እስከ 2009 ቆየ።

በዚያ ስኳር የኖሩት ሁለት ደሴቶች ዕጣ ለየቅል ሆነ። ሴንት ኪትስ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የኖረችበትን የስኳር ኢንዱስትሪ በ2005 ዘጋች። ትልቁን የስኳር ድርሻ ያገኘችው ሞሪሸስ ግን ገና በ1970 የወጪ ንግድ ቀጠና ሕግ አውጥታ ስለነበር፣ ከስኳር የተገኘውን ገንዘብ በልብስ ስፌትና በሆቴል ላይ አዋለችው። ቅድሚያው ሲያበቃ ሌላ እንጀራ ነበራት።

ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ነው። የአሜሪካ የአጎዋ ዕድል ከ2000 ጀምሮ ተከፍቶ ነበር፤ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ በብዛት የተማመነው በዚሁ ከቀረጥ ነፃ ገበያ ነው። ጥር 1 ቀን 2022 ኢትዮጵያ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከዝርዝሩ ወጣች። ምክንያቱ ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ውሳኔው ዋሽንግተን ላይ ተፈርሞ ዋጋውን የከፈለችው ሐዋሳ ላይ በስፌት መኪና ፊት የተቀመጠች ወጣት ናት። የአበባ አብቃዮቻችን አውሮፓ ገበያ ከቀረጥ ነፃ የሚገቡበት መብትም የተሰጠን በድሃ አገርነታችን ነው፤ ከዚያ ደረጃ ስንወጣ ያበቃል።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላል የአገራችን ሰው። ከሞንትሪያል ወፍጮ እስከ ጃማይካ የሸንኮራ እርሻ ያየነው ይህንኑ ነው፤ ሌላው የሰጠው ቅድሚያ በሰጪው ቀን ይወሰዳል። ይህ ማለት ዕድሉን አንቀበል ማለት አይደለም። ሞሪሸስ ተቀብላ ተጠቅማበታለች። ግን የንግድ ፖሊሲ የሚጽፉ ሹሞቻችን፣ ብድር የሚሰጡ ባንኮቻችንና ፋብሪካ የሚተክሉ ባለሀብቶቻችን እያንዳንዱን ከቀረጥ ነፃ ገበያ የሚያበቃበትን ቀን ጽፈው ሊይዙት ይገባል። ኢትዮጵያ በ2019 ያጸደቀችው የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጠና ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ዝርዝሩን ከሚጽፉት አንዷ እኛ ነን። ካናዳ በ1859 የተረዳችውን እኛ ዛሬ እንረዳው፤ በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ ያለንን ወንበር በሚገባ እንቀመጥበት።